ዝይ ላይ መተኮስ ኃጢአት ነው ወይ?



ጥያቄው የእኔ አይደለም። ከወደ ጉንደ ወይን የመጣ አንድ ገበሬ ወንድም ነው የጠየቀኝ። ዝይ የስንዴ ቡቃያውን እየጨረሰበት ነው፤ ቤቱ ጠመንጃ አለ፤ ቢተኩስ በጌታ ፊት ይጠየቅበታል ወይ? ከተማ ያደገ አማኝ ይህን ሲሰማ ይስቅ ይሆናል። እኔ የሚያስቅ አላገኘሁበትም። ሰው ስብከቱን ከአዳራሹ አውጥቶ ወደ ማሳው ይዞት ሲሄድ የሚያነሣው ጥያቄ እንዲህ ያለ ነው፤ ስለዚህ በቅጡ ልመልስ።

በቢቸናና በሞጣ መካከል ያለውን አገር የምታውቁ ነገሩን ታውቁታላችሁ። ዋልካ መሬት ነው፤ ጤፍ፣ ስንዴ፣ ሽምብራ፣ ጓያ ይዘራበታል። ከጮቄ የሚወርደው ውኃ ዳር ዳሩን ረግረግና ጨፌ ያበጃል። ዝይ ውኃ ዳር አድሮ ጎህ ሲቀድ ወደ ማሳ ይወርዳል። ቡቃያውን እንደ በግ ይግጠዋል፤ ያልበላውን በሰፊው እግሩ ረግጦት ይሄዳል። የበጋ መስኖ ስንዴ ያለበት ቦታ ሲሆን ይብሳል፤ ዙሪያው ሁሉ ደርቆ ያ ማሳ ብቻ ለምልሞ ስለሚታይ ከሩቅ ይጠራዋል። ግማሽ ጥማድ ላለው ሰው የሁለት ጠዋት ቸልታ የዓመት ጉርስ ነው።

የጎረቤት በሬ ማሳ ቢገባ መንገዱ ይታወቃል። ሽማግሌ ይቀመጣል፣ ጉዳቱ ይገመታል፣ ባለቤቱ ይክሳል። ዘጸአት 22፥5 የሚያዘውም ይህንኑ ነው። ዝይስ? ባለቤት የለውም እንላለን። መዝሙር 50 ቁጥር 11 ግን የተራራ ወፍ ሁሉ በእግዚአብሔር ዘንድ የታወቀ፣ የዱሩም እንስሳ የእርሱ መሆኑን ይነግረናል። ባለቤት አለው ማለት ነው። ታዲያ የእግዚአብሔር ዝይ የድኻ ማሳ ሲበላ ካሳውን ማን ይክፈል? ይህን ያዙልኝ፤ እመለስበታለሁ።

ለወንድሜ መጀመሪያ ያልኩት ይህን ነው፦ ወፍ መግደል በራሱ ኃጢአት ነው ብዬ አላስተምርህም። ከጥፋት ውኃ በኋላ እግዚአብሔር ተንቀሳቃሹን ሁሉ ለኖኅ መብል አድርጎ ሰጥቶታል (ዘፍጥረት 9፥3)። በዘዳግም 22፥6-7 ደግሞ ጎጆ ያገኘ ሰው ጫጩቶቹን መውሰድ ይችላል፤ እናቲቱን ግን መልቀቅ አለበት። መውሰድ ተፈቅዷል፣ መጨረስ ተከልክሏል። አንዳንድ አገልጋዮች ጻድቅ ለእንስሳው ነፍስ ያስባል የሚለውን ምሳሌ 12፥10 እዚህ ላይ ይጠቅሱታል። ቃሉ ስለ ገዛ ከብት ነው የሚናገረው፤ ለዝይ ባንለጥጠው ይሻላል።

ነገር ግን እኛ ዘንድ ዝይ አይበላም። አውሮፓ ውስጥ የተመታ ዝይ ድስት ውስጥ ይገባል፤ ጎጃም ውስጥ የተመታ ዝይ ለውሻና ለጅብ ነው። ስለዚህ የመብል ፈቃድ የሚለው ምክንያት ከእጃችን ይወጣል፤ የሚቀረን ማሳውን ማዳን ብቻ ነው። ጥያቄውም ወደዚያ ይዞራል፦ ጥይት ማሳ ያድናል?

እንየው። የክላሽ ጥይት ዒላማውን ስቶ ከሁለት ኪሎ ሜትር በላይ ይሄዳል። ዝይ የሚያርፈው ሜዳ ላይ፣ ያውም ውኃ አጠገብ ነው፤ የሚመጣው ማለዳ፣ እናቶች እንስራ ወይም ጀሪካን ይዘው በሚወጡበት ሰዓት ነው። ውኃ ላይ ያረፈ ጥይት ነጥሮ ወዴት እንደሚሄድ ተኳሹ አያውቅም። ደግሞም በዚህ ዘመን በአማራ ክልል ጎህ ሲቀድ ተኩስ ሲሰማ፣ ወፍ እየተባረረ ነው ብሎ ተመልሶ የሚተኛ ሰው የለም። እናት ልጆቿን ታቅፋ መሬት ላይ ትተኛለች። ለአንድ ማሳ ስንዴ መንደሩን ሁሉ ማስደንገጥ ጎረቤትን መውደድ አይደለም።

በሳቹማ ጥይት ቢሆንስ የሚል ይኖራል። አደጋው ለሰው ይቀንሳል፤ ለወፉ ግን ሌላ ጣጣ አለው። ዴንማርክ ውስጥ በ1990ዎቹ (እ.ኤ.አ.) በሕይወት የተያዙ ዝዮች በራጅ ሲታዩ፣ ከአዋቂዎቹ ከሦስቱ አንዱ ገደማ በሥጋው ውስጥ እርሳስ ተሸክሞ ይበር ነበር። ሠልጥነው፣ ፈቃድ አውጥተው የሚያድኑ ሰዎች እንኳ መትተው የማይጥሉት ይህን ያህል ነው። ረግረግ ውስጥ የሚቀረው እርሳስም መርዝ ነው፤ ወፎች ከጠጠር ጋር ይውጡታል። አሜሪካ በ1991 (እ.ኤ.አ.) የውኃ ወፍ በእርሳስ ጥይት ማደንን በመላ አገሪቱ የከለከለችው በዚሁ ምክንያት ነው።

ሌላም አለ። በደጋችን የሚታየው ዝይ አንድ ዓይነት አይደለም። ማሳ ላይ በመንጋ የሚወርደው ብዙ ጊዜ የግብፅ ዝይ የሚባለው ነው፤ በአፍሪካ ሞልቷል፣ በዓይኑ ዙሪያ ቡናማ ምልክት አለው፣ ሲበር ክንፉ ላይ ሰፊ ነጭ ይታያል። ሁለተኛው ባለ ሰማያዊ ክንፉ ዝይ ነው። ከኢትዮጵያ ደጋ በቀር በዓለም ላይ መኖሪያ የለውም። ጥንድ ጥንድ ሆኖ በጨፌው ይግጣል፤ ሲቆምም ሲሄድም አንገቱን ወደ ጀርባው ያስተኛል። በንጋት ጭጋግ፣ በሁለት መቶ ሜትር፣ የተናደደ ሰው ሁለቱን ይለያል ብዬ አላምንም። ሕጉም ቢሆን አይፈቅድለትም፤ ያለ ፈቃድ የዱር እንስሳ ማደን ያስቀጣል። ጉዳቱ ከአቅም በላይ ከሆነ መጀመሪያ የሚኬደው ወደ ወረዳው ግብርና ጽሕፈት ቤት ነው።

ጠመንጃ ፈጽሞ አይጠቅምም ብል ግን እዋሻለሁ። የስኮትላንድ ደሴት በሆነችው አይላ፣ ከግሪንላንድ ለክረምት የሚመጡ ዝዮች የገበሬውን የግጦሽ መስክ ይጨርሳሉ። እዚያ መንግሥት ለገበሬው ገንዘብ ይከፍላል፣ የተመደቡ ሰዎችም በፈቃድ ይተኩሳሉ። ጥቂቶቹ ሲመቱ ሌሎቹ የማባረሩን ድምፅ እውነት ብለው ይፈሩታል። ሆኖም ክፍያውና ቁጥጥሩ አብረው ባሉበት እንኳ ክርክሩ እስከ ዛሬ አላባራም። እኛ ዘንድ ክፍያውም ቁጥጥሩም የለም፤ ያለው ጠመንጃው ብቻ ነው።

ስለዚህ ለወንድሜ የሰጠሁት መልስ አትተኩስ፣ አባርር የሚል ነው። ዘፍጥረት 15፥11ን አስታውሱ። አብራም መሥዋዕቱን ዘርግቶ ሲጠብቅ ወፎች ወረዱበት፤ እርሱም አባረራቸው። ያን ቀን ከእግዚአብሔር ጋር ቃል ኪዳን የሚገባ ሰው ቀኑን ወፍ ሲያባርር መዋሉን ስናነብ ቶሎ እናልፈዋለን። ነቢዩ ኢሳይያስም በምዕራፍ 1 ቁጥር 8 ጽዮንን የሚመስላት በአትክልት ጠባቂ ጎጆ ነው። ማማ ላይ ቁጭ ብሎ እሸት የጠበቀ የአገራችን ሰው ያን ምሳሌ ያለ ማብራሪያ ይረዳዋል።

ማባረር ግን ብልሃት ይፈልጋል። አንድ ቦታ የተተከለ ማስፈራሪያ ከሳምንት በኋላ ዝዩ አጠገቡ ቆሞ ይግጣል፤ በየሁለት ቀኑ ቦታው መቀየር አለበት። ጅራፍ ይሠራል፣ ወንጭፍ ይሠራል፣ ውሻም እንደዚሁ። የድሮ ካሴት ክር ከእንጨት እንጨት ተወጥሮ ንፋስ ሲመታው የሚያሰማውን ጩኸት ዝይ አይወድም። ከሁሉ የሚበልጠው ግን ሰዓቱ ነው። ማልዶ ሊያርፍ ሲል ካገኙት ይመለሳል፤ አርፎ ከቀመሰ በኋላ ከሆነ ሄዶ ይዞርና ይመጣል። ይህ ሁሉ የሚያስፈልገው ዓመቱን ሙሉ አይደለም፤ ቡቃያው እስኪጠነክር ላሉት ጥቂት ሳምንታት ነው።

እዚህ ላይ ነው ለወንድሜ መልስ መስጠት ቀላል ሆኖ ያሳፈረኝ። ማሳውን ማን ይጠብቃል? ልጅ ነው። ጎህ ሲቀድ ጅራፍ ይዞ የወጣ የአሥር ዓመት ልጅ፣ የትምህርት ቤቱ ደወል ሲደወል እዚያው ማሳው ላይ ነው። የዝዩ ነፍስ የተረፈችው በእርሱ ትምህርት ነው። ልጅ የሌላት መበለት ደግሞ ራሷ ትቆማለች፣ ወይም ቡቃያዋን ታጣለች። አትግደል፣ አባርር ብሎ የሚሰብክ አገልጋይ የራሱን ሳይሆን የሌላ ሰው ልጅ ጊዜ እየለገሰ መሆኑን ይወቀው። ለዝይ የሚራራ ስብከት ከከተማ ሲመጣ ዋጋ የለውም የምለው ለዚህ ነው።

የካሳውን ነገር ያዙልኝ ብዬ ነበር። ከብቱ ጥፋት ሲያደርስ የሚከፍለው ቤተሰቡ ነው። ዝዩ የእግዚአብሔር ከሆነ፣ እኛም የእግዚአብሔር ቤተሰብ ነን ካልን፣ ካሳው ከእኛ ነው የሚወጣው። ገላትያ 6፥2 ሸክምን ስለ መካፈል የሚናገረውን በየኅብረቱ እንጠቅሳለን፤ ብዙ ጊዜ ሸክም ሲባል የሚመጣልን ሐዘንና ሕመም ነው። በእርሻ አገር ሸክም ማለት የማለዳ ዘብ ጭምር ነው። ወንፈልና ደቦ ለአጨዳና ለአረም ካለን ለጥበቃ የማይሆንበት ምክንያት አይታየኝም። አሥር አባወራ ያለበት ኅብረት በተራ ሁለት ሁለት አዋቂ ከንጋት እስከ ሦስት ሰዓት፣ ማታ ደግሞ ፀሐይ እስክትጠልቅ ቢያቆም፣ ለአንድ ሰው በሳምንት አንድ ወይም ሁለት ቀን ብቻ ይደርሰዋል። ልጁም ትምህርት ቤቱ ይገባል። የመበለቲቱ ማሳ ከተራው ውስጥ ይገባል፤ እርሷ ግን ተረኛ አትሆንም።

አንድ ነገር ሳልነካው አላልፍም፤ ባልነካው የሚወዱ ቢኖሩም። ጨፌውን ያረስነው እኛ ነን። የወል ግጦሽ የነበረው ረግረግ ቦይ ተቆፍሮለት ደረቀ፣ ባሕር ዛፍ ተተከለበት፣ ወይም ለእርሻ ተሸነሸነ። ሣሩ የነበረበት ቦታ ስንዴ ከሆነ ዝይ ስንዴ ይበላል። ኢሳይያስ 5፥8 ስፍራ እስኪጠፋ ድረስ እርሻን ከእርሻ ጋር የሚያያይዙትን ወዮ ይላቸዋል። ቃሉ በመጀመሪያ ስለ ድኻው ሰው ነው፤ እውነት ነው። ግን ከውኃው ዳር አሥር ሜትር ሣር ሳይታረስ ቢቀር የሚሞት ሰው የለም፤ ዝዩም ብዙውን ጊዜ ከዚያ አያልፍም። በሣሩና በማሳው መካከል አጥር ቢኖር ደግሞ ጫጩት አስከትሎ በእግሩ የሚመጣው እዚያው ይቀራል።

ወንድሜ በመጨረሻ የጠየቀኝ ስለ እሑድ ነበር። ኅብረቱ ሁሉ ለአምልኮ ሲሰበሰብ ማሳው ላይ ማን ይቆማል? ዝይ እሑድን አያውቅም። እኔ ተረኞቹ ይቅሩ፣ ከስብሰባው በኋላ ሽማግሌዎች ማሳው ድረስ ሄደው አብረዋቸው ይጸልዩ እላለሁ። ደግሞም አብዛኛው ጎረቤታችን ኦርቶዶክስ ነው፤ በንግሥ ቀን ሰዉ ሁሉ ወደ ደብር ሲወጣ ማሳው ባዶውን ያድራል፣ ባዶውን ይውላል። ያን ቀን ዘቡ የእኛ ይሁን፤ የራሳችንን ብቻ ሳይሆን ከወንዙ እስከ መንገዱ ያለውን የሁሉንም ማሳ።