ዕድሜ ያጭበረበረው ማነው?

ኢትዮጵያ ከፓሪስ ኦሊምፒክ 4 ሜዳሊያ ይዛ ከተመለሰች ወዲህ (ሲድኒ ላይ 8 ነበር፣ 4ቱ ወርቅ) አትሌቲክሱ ለምን ወደቀ በተባለ ቁጥር አንድ ክስ ይነሳል። ዕድሜ! «ልጆቹ ዕድሜ ይደብቃሉ፤ ትልልቅ ሰዎች ከ20 ዓመት በታች እየሮጡ ተተኪ ጠፋ።»

ክሱ ውሸት አይደለም። ግን ከሳሾቹ ወደ ሰሜን ጎንደር ወጣ ብለው፣ ደባርቅ ወይም ዳባት ላይ አንዲት የ12ኛ ክፍል ሯጭ ፊት ቆመው ቢናገሩት ጥሩ ነበር።

እስቲ ሂሳቡን እንሥራው። በ2012 ዓ.ም. ስድስተኛ ክፍል የነበረች ልጅ እንውሰድ። ስም አያስፈልጋትም፣ እሷን የሚመስሉ ብዙ ናቸው። መጋቢት ላይ ኮሮና መጣና ትምህርት ቤት ተዘጋ። በነሐሴ 2013 ጦርነቱ ዳባት ወረዳ ጭና ድረስ ደረሰ፤ ሰላማዊ ሰዎች ተገደሉ፣ ተፈናቃዩ ወደ ደባርቅና ዳባት ጎረፈ፣ መማሪያ ክፍል መጠለያ ሆነ። እፎይ ሳይባል በ2015 መጨረሻ ክልሉ ሌላ ጦርነት ውስጥ ገባ። በሚሊዮን የሚቆጠሩ የአማራ ክልል ተማሪዎች ከትምህርት ገበታ ውጭ ሆኑ። አንድ ዓመት ብቻ የዘገየች ልጅ ዕድለኛ ናት። ሁለትና ሦስት ዓመት የባከነባት፣ በዚያ ላይ እንደ ገጠሩ ልጅ ሁሉ ዘግይታ አንደኛ ክፍል የገባች፣ 12ኛ ክፍል ስትደርስ 20 ዓመቷን ጨርሳለች።

የዓለም አትሌቲክስ ሕግ ደግሞ ጦርነት ነበር፣ መንገድ ተዘግቶ ነበር ቢሉት አይሰማም። ውድድሩ በሚካሄድበት የፈረንጆች ዓመት ውስጥ 20 የሚሞላት ልጅ በወጣቶች አገር አቋራጭ አትሰለፍም። የወጣት ሴቶቹ ርቀት 6 ኪሎ ሜትር ነው። እሷ የሚቀራት የአዋቂዎቹ 10 ኪሎ ሜትር ነው፤ ያውም ለዓመታት በክለብ ደመወዝ፣ ምግብና አሠልጣኝ ካላቸው ሴቶች ጋር። ሌላው አማራጭ የልደት ወረቀት ማስቀየር ነው። ከዚያ በኋላ ነው «አጭበርባሪ» የምትባለው!

የትምህርት ቤት የመጨረሻ ዓመት ለሯጭ ምን ማለት እንደሆነ ለተሰንበት ግደይን ማየት ይበቃል። በስፖርት ክፍለ ጊዜ አልሮጥም ብላ ከትምህርት ቤት ተባርራ የነበረች ልጅ ናት፤ ወደ ሩጫ ያስገባትም ያው ትምህርት ቤት ነው። በፈረንጆቹ 2015 ጉያንግ ላይ፣ በ2017 ደግሞ ካምፓላ ላይ ከ20 ዓመት በታች የዓለም አገር አቋራጭ ሻምፒዮን ሆነች። ካምፓላ ላይ 19 ዓመቷ ነበር። ሕጉ የሚፈቅድላት የመጨረሻው ዓመት ማለት ነው። ከዚያ በፊት ሁለት ዓመት ቢወሰድባት ኖሮስ?

«ከፍታው አለን፣ ሯጭ ራሱ ይወጣል» የሚሉም አሉ። ደባርቅ 2,800 ሜትር አካባቢ ከፍታ ላይ ናት፣ ልክ እንደ በቆጂ። ታዲያ ደራርቱ፣ ፋጡማ፣ ቀነኒሳና ጥሩነሽ ከበቆጂ ሲወጡ የስሜን ተራራ ሥር ለምን ቱሪስት ብቻ ይጠብቃል? አየሩ አንድ ነው። በቆጂ ግን ስንታየሁ እሸቱ የሚባል የትምህርት ቤት የስፖርት መምህር ነበራት፤ ልጆቹን ክፍል ውስጥ አይቶ የለየ፣ ጠዋት ጠዋት ያሮጠ። ትምህርት ቤት ሲዘጋ የሚዘጋው ሒሳብና ፊዚክስ ብቻ አይደለም። ያቺን ልጅ ትሮጣለች ብሎ የሚለያት ሰውም አብሮ ይጠፋል።

ቤተሰቧም ይጨነቃል። የ12ኛ ክፍል ፈተናን ያለፈው ተማሪ በ2015 ዓ.ም. 3.2 በመቶ፣ በ2016 5.4 በመቶ፣ በ2017 8.4 በመቶ ነበር። እናት «ልጄ፣ ሩጫው ይቅርብሽ፣ አርፈሽ አጥኚ» ብትል ማን ይፈርድባታል? ችግሩ ጥናቱም ከመቶ ዘጠና ለሚበልጡት በር አልከፈተም። ልጅቷ በመጨረሻ ዓመቷ ሁለት የተዘጉ በሮች መካከል ቆማለች፤ አንዱን በሕግ፣ አንዱን በፈተና ዘግተውባታል።

«መጀመሪያ ሰላም ይምጣ፣ ሩጫው ይደርሳል» ማለት ቀላል ነው። ለባለሥልጣን ይደርሳል። ለታጣቂም ይደርሳል። ለሁለቱም ዕድሜ የሚቆጥርባቸው ሕግ የለም፤ ለ19 ዓመት ልጅ ግን የዘንድሮው ወቅት ካለፈ አለፈ። ትምህርት ቤት የዘጋም ያዘጋም ይህን ሒሳብ አንድ ቀን መመለስ አለበት።

እስከዚያው ግን የሚሠራ ሥራ አለ። የዓለም አቀፉን ሕግ ፌዴሬሽኑ መቀየር አይችልም፤ የአገር ውስጡን ይችላል። የትምህርት ቤቶች አገር አቋራጭ በልደት ዘመን ሳይሆን በክፍል ይካሄድ። 12ኛ ክፍል የሆነች ሁሉ፣ 18ም ይሁን 21፣ ዕድሜዋን ሳትደብቅ ትሩጥ። ክለቦችም የ21 ዓመት ልጅን «አርጅታለች» ብለው አይመልሱ፤ ማራቶን በ30ዎቹ ዕድሜ የሚሸነፍበት ስፖርት አይደለም። ምልመላውም ልጆቹን ባሕር ዳርና አዲስ አበባ ከመጥራት ይልቅ ራሱ ወደ ደባርቅ ይምጣ። ከጎንደር 100 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። መንገዱ ክፍት በሆነ ሳምንት አንድ ዳኛ፣ አንድ አሠልጣኝ፣ ፊሽካና የደረት ቁጥር ይዞ መምጣት በቂ ነው፤ ከፈተናው በፊት፣ ልጅቷ ገና ዩኒፎርሟን ሳታወልቅ።