ሳማ በፌስታል፦ የምናፍርበት ዕውቀት

ጀርመን አገር የምሕንድስና ትምህርቴን በምከታተልበት ጊዜ እናቴ ልትጠይቀኝ መጥታ ነበር። ወቅቱ ዐቢይ ጾም ነበር። በወንዝ ዳር የእግረኛ መንገድ ላይ ስንጓዝ ድንገት ቆመችና «ይኼ ሳማ አይደለም እንዴ?» አለችኝ። መልሴን ሳትጠብቅ እጇን በፌስታል ሸፍና ለጋ ለጋውን ትቀጥፍ ጀመር። እኔ ግራና ቀኜን ቃኘሁ። «እማዬ፣ ተይው፤ ሰው ያየናል» አልኳት። «ምን ያፈራል? ሰርቄ ነው እንዴ?» አለችኝ።

አልሰረቀችም። የጀርመን የተፈጥሮ ጥበቃ ሕግ ከጥብቅ ሥፍራዎች ውጭ የዱር ፍሬና ቅጠል ለራስ ፍጆታ በጥቂቱ መልቀምን ይፈቅዳል። እናቴ ሕጉን ባታውቅም ተክሉን ታውቀዋለች። በሰሜን ሸዋ ደጋ የሚበላው ሳማ በኢትዮጵያ ብቻ የሚበቅል ዝርያ ሲሆን፣ የአውሮፓው ደግሞ የቅርብ ዘመዱ ነው። ሁለቱም የሚለበልቡት በጥቃቅን ፀጉሮቻቸው ነው። የፀጉሩ ጫፍ እንደ መስታወት ተሰባሪ በመሆኑ ቆዳ ሲነካው ይሰበርና እንደ ሕክምና መርፌ የሚያቃጥል ፈሳሽ ይወጋል። በሚገባ ሲቀቀል ግን ይህ ኃይሉ ይጠፋል። እናቴ ቀቅላ፣ ደቁሳ፣ ሽሮ ነስንሳበት ያን ምሽት የሳማ ወጥ በላን። እኔ በትምህርት የደረስኩበትን እርሷ በእጇ ታውቀው ነበር።

ታዲያ ያሳፈረኝ ምን ነበር? ሳማን የክፉ ቀን ምግብ፣ አጋምንና ኮሽምን ደግሞ የእረኛ ስንቅ አድርገን ስለምናይ ይመስለኛል። ከተማ መግባት፣ መማርና ባሕር መሻገር እነዚህን መርሳት ሆኖ ተሰማን። የደረስንባቸው አገሮች ግን የራሳቸውን አልረሱም። ስዊድናውያን በጸደይ የሳማ ሾርባ ይሠራሉ። በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ጊዜ ብርቱካን ከውጭ መግባቱ ሲስተጓጎል፣ ብሪታንያ የቀጋችንን ዘመድ የጫካ ጽጌረዳ ፍሬ አስለቅማ ለሕፃናት የቫይታሚን ሲ ሽሮፕ አዘጋጅታለች። በባሕረ ሰላጤው አገሮች የምትኖሩ ወገኖቻችን በየመንገዱ የምታዩት ሲድር የሚባለው ዛፍም በአገራችን ቆላ ቁርቁራ ወይም ገባ የምንለው ራሱ ነው።

ይሁን እንጂ ናፍቆት ብቻውን ለምግብ መሪ አይሆንም። እ.ኤ.አ. በ2015 መጸው ጀርመን የገቡ ስደተኞች፣ አብዛኞቹ ሶርያውያን፣ በአገራቸው የሚበላ እንጉዳይ የሚመስል ነገር ከጫካ ለቅመው በመመገባቸው በጽኑ ታመሙ፤ ሕይወቱ ያለፈም ነበር። የበሉት ጉበትን የሚያጠፋና «የሞት ቆብ» እየተባለ የሚጠራ እንጉዳይ ነበር። የሐኖቨር የሕክምና ትምህርት ቤት በዚያን ጊዜ በአረብኛና በኩርድኛ ጭምር ማስጠንቀቂያ አውጥቷል። የሳማን ልብላቤ መቀቀል ሲያጠፋው፣ የዚህን እንጉዳይ መርዝ ግን አያጠፋውም። እነዚያ ሰዎች አላዋቂዎች አልነበሩም። ዕውቀታቸው ለሌላ አፈር የተሠራ ነበር።

የእናቴም ዕውቀት እንዲሁ ለአንድ ቦታ የተበጀ ነው። በሰሜን ሸዋ ተራራ ላይ ስለ አረም ማጥፊያ ርጭት ማሰብ አላስፈለጋትም። አሜሪካ ውስጥ እርሳስ ያለበት ቤንዚን ለመኪና የተከለከለው እ.ኤ.አ. በ1996 ቢሆንም፣ በነባር አውራ ጎዳናዎች ዳር ያለው አፈር ዛሬም እርሳሱን ሊይዝ ይችላል። ስለዚህ በሲያትል መንገድ ዳር በነሐሴ የሚበስለው የእንጆሪ ዘመድ ቢያጓጓም፣ ከመኪና መንገድና ከባቡር ሐዲድ ርቆ የበቀለውን መምረጥ ይገባል።

እኔ የምለው ዕውቀቱን እንደ ኋላ ቀርነት አንጣለው፣ ሳንመረምርም አንከተለው ነው። መሐንዲስ የተቀበለውን ንድፍ በአዲስ አፈር ላይ ከመገንባቱ በፊት አፈሩን ይመረምራል። የእኛም ሥራ ይኸው ነው። በመጀመሪያ ወላጆቻችንን እንጠይቅ። የኢትዮጵያና የኤርትራ ዕፅዋት በስምንት ቅጾች በሳይንሳዊ ስማቸው ተመዝግበዋል። የትኛው በየትኛው ወር እንደሚቀጠፍ፣ እንዴት እንደሚበስልና የትኛው ፈጽሞ እንደማይነካ ግን አብዛኛው ገና በእናቶቻችን አፍ ላይ ነው። በሳምንት አንዴ ከምንደውልላቸው ስልክ ላይ 10 ደቂቃ ለዚህ ብናውል፣ ድምፃቸውንም ብንቀዳ ምንም አይጎድልብንም።

ቀጥሎ የአካባቢውን አዋቂ እንጠይቅ። የስልክ መተግበሪያ ፎቶ አይቶ በሰጠን ስም ብቻ ምንም ነገር ወደ አፋችን አናስገባ። መቶ በመቶ ያላወቅነውን እንተወው፤ እንጉዳይን ደግሞ ከሁሉ አስቀድመን።

እናቴ ወደ አገሯ ከተመለሰች በኋላ በዚያው ወንዝ ዳር ብዙ ጊዜ ተመላልሻለሁ። በሚቀጥለው ጸደይ ፌስታሉን የያዝኩት እኔ ነበርኩ። አንድ አዛውንት ጀርመናዊ ቆም ብለው ምን እንደምሠራ ጠየቁኝ። የእናቴን አሠራር ነገርኳቸው፤ እርሳቸውም ካበበ በኋላ እንዳልቀጥፈው መከሩኝ። ያን ጊዜ ግራና ቀኜን አልቃኘሁም።