ሜዳ አልባ ባለሜዳዎች፦ የካርቱም ስታዲየም ለከተማዋ ምን ነበር?

የአፍሪካ ዋንጫ የተወለደው በካርቱም የማዘጋጃ ቤት ስታዲየም ነው። እአአ በየካቲት 1957 በተካሄደው የመጀመሪያው ውድድር የተሳተፉት አስተናጋጇ ሱዳን፣ ግብፅና ኢትዮጵያ ብቻ ነበሩ። በዘር መድልዎ ሥርዓት ሥር የነበረችው ደቡብ አፍሪካ ነጭና ጥቁር ተጫዋቾችን በአንድ ቡድን ለማሰለፍ ባለመፍቀዷ ከውድድሩ ውጭ ሆነች። ተጋጣሚዋን ያጣችው ኢትዮጵያ በቀጥታ ለፍጻሜ አልፋ በግብፅ 4 ለ 0 ተሸነፈች።

የአፍሪካ እግር ኳስ ኮንፌዴሬሽን (ካፍ) የተመሠረተውም በዚያው ሰሞን በዚያችው ከተማ ነው። ከመሥራቾቹ መካከል የነበሩት ሱዳናዊው ሐኪም አብደል ሐሊም መሐመድና ኢትዮጵያዊው ይድነቃቸው ተሰማ በኋላ ተራ በተራ ተቋሙን መርተዋል። ዋንጫው በ1970 ወደ ካርቱም ሲመለስ ሱዳን ጋናን 1 ለ 0 አሸንፋ እስካሁን ብቸኛ የሆነውን ድሏን በደጋፊዎቿ ፊት አጣጥማለች።

ሚያዝያ 2023 በጦር ሠራዊቱና በፈጥኖ ደራሽ ኃይሉ መካከል የተቀሰቀሰው ጦርነት ግን ይህን ሁሉ አቋረጠ። ከ12 ሚሊዮን በላይ ሰዎች ከቤታቸው ሲፈናቀሉ ኳሱም አብሮ ተሰደደ። የኦምዱርማን ባላንጣዎች አል ሂላልና አል ሜሪክ በ2024/25 የውድድር ዘመን በሞሪታንያ ሊግ በእንግድነት ተጫወቱ። ሂላል የሰንጠረዡን አናት ቢቆጣጠርም እንግዳ በመሆኑ የሻምፒዮንነቱን ክብር አላገኘም።

ብሔራዊ ቡድኑም በጥቅምት 2024 ጋናን 2 ለ 0 ሲረታ "ባለሜዳ" የነበረው በሊቢያዋ ቤንጋዚ ነው። ውጤቱ ሱዳንን ለ2025ቱ የአፍሪካ ዋንጫ ካበቋት አንዱ ነበር። ከ54 ዓመታት በፊት ካርቱም ውስጥ በተመሳሳይ ተጋጣሚ ላይ ከተገኘው ድል የሚለየው ከተማዋ በቦታው አለመኖሯ ነው።

ኢትዮጵያውያን ይህን ስሜት ያውቁታል። ስታዲየሞቻቸው የካፍን መመዘኛ ባለማሟላታቸው ዋልያዎቹ በሰኔ 2022 ግብፅን 2 ለ 0 ያሸነፉት በማላዊ መዲና ሊሎንግዌ ነበር። በ1962 አዲስ አበባ ላይ ያችኑ ግብፅን 4 ለ 2 ረትተው ዋንጫውን ሲያነሱ ስታዲየሙ በሕዝብ ተሞልቶ ነበር። የሊሎንግዌውን ድል ግን አብዛኛው ደጋፊ የተከታተለው በቴሌቪዥን ነው። በኢትዮጵያ ምክንያቱ የመሠረተ ልማት ጉድለት፣ በሱዳን ደግሞ ጦርነት ቢሆንም ደጋፊው የከፈለው ዋጋ ይመሳሰላል።

ቡድን በሰው አገር ሊያሸንፍ ይችላል፤ ስታዲየም የሚሰጠውን ግን ይዞት ሊሄድ አይችልም። በጨዋታ ቀን በሩ ላይ ሻይና ለውዝ የምትሸጠው ሴት፣ ተሳፋሪ የሚያመላልሰው የባጃጅ ሹፌር፣ በአባቱ ትከሻ ላይ ሆኖ የሚመለከተው ሕፃን የዚያ ሕይወት አካል ናቸው። በፖለቲካ የማይስማሙ ሰዎችም ጎን ለጎን ተቀምጠው ለአንድ ቡድን የሚጮኹበት ስፍራ ብዙ አይደለም።

ሠራዊቱ ካርቱምን በመጋቢት 2025 መልሶ ከተቆጣጠረ በኋላ ተመላሾች የሚጠብቁት በቅድሚያ ውኃ፣ መብራትና ሆስፒታል ነው። በዚህ ሁሉ ችግር መሃል ስለ ስታዲየም ማንሳት ቅንጦት ሊመስል ይችላል። ሆኖም የከተማ መልሶ ግንባታ የቧንቧና የሽቦ ሥራ ብቻ አይደለም። በጦርነት የተከፋፈሉ ጎረቤታሞች ያለ ፍርሃት የሚገናኙበት ስፍራም ያስፈልጋቸዋል። ካርቱም ከዋንጫው ልደት አንስቶ እንዲህ ያለ ስፍራ ነበራት።