አጎቱ ስንቴ ይሙት?

የስፓይደርማን አጎት ቤን እ.ኤ.አ. በ2002 በወጣው ፊልም ሞተ። አሥር ዓመት ቆይቶ፣ በ2012፣ ዳግመኛ ሞተ። ልጁም ዳግመኛ በሸረሪት ተነደፈ፤ ግድግዳ መውጣትንም ዳግመኛ ተማረ። ቶቢ ማጓየር የተወነባቸው ሦስት ፊልሞች እንዳልነበሩ ተቆጥረው አንድሩ ጋርፊልድ በቦታው ገባ።

ነገሩ አዲስ ሐሳብ ከመፍለቅ የመጣ አይመስለኝም። ሶኒ የስፓይደርማንን የፊልም መብት ከማርቭል የያዘበት ውል፣ በተወሰነ ጊዜ ውስጥ ሌላ ፊልም ካልሠራ መብቱን የሚያሳጣው ነው። ዳይሬክተሩ ሳም ራይሚ በ2010 ከአራተኛው ፊልም ሲወጣ ጊዜው እየሄደ ነበር፤ ስቱዲዮውም ታሪኩን ሀ ብሎ ጀመረው። የውሉ ጣጣ ግን ተመልካቹ ላይ ወደቀ፦ ትኬት ቆርጦ ያየውን እንዳላየ ሆኖ ይቀመጥ ተባለ።

ታሪክን እንደ አዲስ መጀመር በራሱ ነውር የለውም። በ1997 መሳለቂያ የሆነውን ባትማን ክሪስቶፈር ኖላን በ2005 ከሥሩ ጀምሮ ክብሩን መልሶለታል። እኔን የሚያሳዝነኝ የሰውን ትዝታ ከቁም ነገር አለመቁጠሩ ነው። የስፓይደርማን ሦስተኛው ጅምር ይህ የገባው ይመስላል። በ2017 ቶም ሆላንድ በራሱ ፊልም ሲመጣ የሸረሪቷ ንድፊያም የአጎቱም ሞት አልታየም፤ ማን ያላወቀውን! በ2021 ደግሞ ሦስቱም ስፓይደርማኖች በአንድ ፊልም ተገናኙ። ሲኒማ ቤቱ በጩኸት ተናጋ፤ ገቢውም ከ1.8 ቢሊዮን ዶላር በላይ ሆነ። እንዳልነበሩ የተቆጠሩት ሰዎች ገበያ አደመቁ።

በስታር ዋርስ የሆነው ከዚህ ይብሳል። ዲዝኒ የስታር ዋርስን ባለቤት ሉካስፊልምን በ2012 ከ4 ቢሊዮን ዶላር በላይ አውጥቶ ሊገዛ ተስማማ። በ2014 ከፊልሞቹ ጎን ለጎን ለዓመታት የታተሙት ልቦለዶችና ኮሚኮች ከዋናው ታሪክ ወጥተው «አፈ ታሪክ» ተባሉ። ለአዲሶቹ ፊልሞች መንገድ ለመጥረግ እንደሆነ ይገባኛል፤ መጻሕፍቱም ከገበያ አልጠፉም። ነገር ግን በእነዚያ ገጾች ያደገ አንባቢ ነበር። ቲሞቲ ዛን በ1991 የፈጠረው አድሚራል ስሮን ከሚወደዱት ገጸ ባሕርያት አንዱ ነው። እርሱን በ2016 በተከታታይ የቴሌቪዥን ካርቱን መልሰው አመጡት። በ2017ም ስለ እርሱ አዲስ ልቦለድ የጻፈው ያው ዛን ነው። የቀድሞ መጻሕፍቱ ግን ዛሬም «አፈ ታሪክ» ናቸው።