ማሽኑ አለ፣ ስትሪፑ የለም

«ስኳር አለብዎት። ጣፋጭ ይቀንሱ፣ ይህን መድኃኒት ይውሰዱ፣ ከወር በኋላ ይመለሱ።» አዲስ የስኳር ታካሚ ከተመላላሽ ክፍል ይዞት የሚወጣው ምክር ብዙ ጊዜ ከዚህ አይበልጥም። ሐኪሙን መውቀስ ከባድ ነው፤ በሩ ላይ ወረፋው ተሰልፏል። ታካሚው ግን ቤቱ ገብቶ ሻዩን ያለ ስኳር ይጠጣና ምሳ ላይ ሦስት እንጀራ በሽሮ ይበላል። እንጀራውም፣ ዳቦውም፣ ድንቹም ሆድ ገብተው ስኳር እንደሚሆኑ ማን ነገረው? ጤፍ ከነጭ ዱቄት የተሻለ አሰር አለው፤ «የጤፍ እንጀራ ስኳር አይጨምርም» የሚለው ወሬ ግን ውሸት ነው።

ታዲያ ልኩ ስንት እንጀራ ነው? ከሰው ሰው ይለያያል። መልሱ የሚገኘው በመለካት ነው። ከምግብ በፊት፣ ከዚያም ከሁለት ሰዓት በኋላ የለካ ሰው የትኛው ምግብ ስኳሩን እንደሚያወጣው በሁለት ሳምንት ውስጥ ይለያል። ለአብዛኛው አዋቂ ታካሚ ከምግብ በፊት ከ80 እስከ 130፣ ከምግብ በኋላ ከ180 በታች የሚለው ግብ ይሠራል። ከ70 በታች ሲወርድ ደግሞ ሌላ አደጋ ነው፦ ላብ፣ መንቀጥቀጥ፣ ግራ መጋባት። ያን ጊዜ 15 ግራም ያህል ስኳር በውኃ በጥብጦ መጠጣት፣ ከ15 ደቂቃ በኋላ እንደገና መለካት ነው።

በምን? ችግሩ እዚህ ላይ ነው። ማሽኑ አንዴ ይገዛል፣ ወይ ከአሜሪካ የመጣ ዘመድ ያመጣዋል። ስትሪፑ ግን በእያንዳንዱ ልኬት አንድ ያልቃል፤ የአንዱ ማሽን ስትሪፕ ለሌላው አይሆንም። ከውጭ የመጣው ማሽን ስትሪፑ እዚህ ስለማይገኝ ቡፌ ውስጥ ተቀምጦ የሚቀርበት ቤት ጥቂት አይደለም።

ሜትፎርሚን ብቻ የሚውጥ ሰው ዕድሜ ልኩን በየቀኑ ይለካ ማለት አይደለም። ለእሱ የመጀመሪያዎቹ ሳምንታት መማሪያ ናቸው። ኢንሱሊን የሚወጋ ግን ሳይለካ መጠኑን ማስተካከል በጨለማ መሄድ ነው። ጾምን ብቻ እንይ፦ ጠዋት ኢንሱሊኑን ወግቶ ወይም ግሊቤንክላሚድ ውጦ እስከ ዘጠኝ ሰዓት ምንም ሳይቀምስ የሚቆይ ምዕመን ቅዳሴ ላይ ሲወድቅ፣ ሰው ድካም ይመስለዋል። ከጾሙ በፊት ሐኪሙን አማክሮ መድኃኒቱን ማስተካከል ነበረበት።

የጤና ቢሮዎችና የጤና መድን ስትሪፕን እንደ ተጨማሪ ዕቃ ሳይሆን እንደ መድኃኒት ሊቆጥሩት ይገባል። ለሁሉም በአንዴ ካልተቻለ ቅደም ተከተሉ ግልጽ ነው፦ መጀመሪያ ኢንሱሊን ለሚወጉ ሕፃናትና ነፍሰ ጡሮች፣ ቀጥሎ ለቀሩት ኢንሱሊን ተጠቃሚዎች፣ ከዚያም ለእያንዳንዱ አዲስ ታካሚ ለመጀመሪያው ወር የሚሆን አንድ ፓኮ፣ ከነርስ ግማሽ ሰዓት ትምህርት ጋር። አገሩ ይህን መንገድ ያውቀዋል። ፀረ ኤች አይ ቪ መድኃኒት በ1997 ዓ.ም. በነፃ መሰጠት ሲጀምር ምርመራውና ምክሩም አብሮት ነበር።

«ገንዘቡ ከየት ይመጣል?» የሚለው ጥያቄ ተገቢ ነው፤ የውጭ ምንዛሪ ይፈልጋል። ለኩላሊት እጥበት የሚለምኑት ቤተሰቦችስ የሚፈልጉት ምንድን ነው? የእጥበቱ ዕቃም የሚመጣው ከዚያው ከውጭ ነው፤ ስኳራቸው ለዓመታት ሳይለካ ቆይቶ እዚያ የደረሱም ከመካከላቸው አሉ።