መብራቱ የኛ፣ ቺፑ የሰው

ጎጃምን ዞሮ የሚወርደው ዓባይ ጉባ ላይ ተገድቦ፣ ግድቡ ጳጉሜን 4 ቀን 2017 ተመረቀ። 5,150 ሜጋ ዋት የማመንጨት አቅም አለው። ቦንድ የገዛ ሁሉ የድርሻውን ይደሰት። አሁን ግን አንድ ጥያቄ እንጠይቅ፦ በመብራታችን ማን ምን እየሠራበት ነው?

ከኢትዮጵያ ኤሌክትሪክ ኃይል ትልልቅ ደንበኞች መካከል በዶላር የሚከፍሉት የቢትኮይን «ዳታ ማይኒንግ» ኩባንያዎች ይገኙበታል። በማሽኖቻቸው ውስጥ ያለው ቺፕ ሻ-256 የተባለውን ስሌት ደጋግሞ ከመሥራት በቀር ሌላ ሙያ የለውም። ተራ ኮምፒውተር ይህን ስሌት በሰከንድ በሚሊዮን የሚቆጠር ጊዜ ሲሠራ፣ የዛሬዎቹ ማሽኖች ከ100 ትሪሊዮን ጊዜ በላይ ይሠሩታል። ስሌቱ ያው ነው፤ የተለወጠው ሰርኪዩቱ ነው። እ.ኤ.አ. በ2009 በተራ ኮምፒውተር የተጀመረው ሥራ በግራፊክስ ካርድ አልፎ፣ ሰርኪዩቱ ደጋግሞ በሚዋቀረው ኤፍፒጂኤ ቺፕ በኩል ተሻግሮ፣ በ2013 ለዚሁ ብቻ የተሠራ ቺፕ ላይ ደረሰ። ትልቁ ዋጋ ያለው እዚያ እውቀት ውስጥ ነው። እኛ የምንሸጠው ኪሎ ዋት ሰዓት ነው።

መንግሥት በበኩሉ በሐምሌ 2016 ከተባበሩት አረብ ኤምሬትስ ጋር የአምስት ሚሊዮን ኮደሮች ኢኒሼቲቭን ጀመረ። ፕሮግራሚንግ፣ አንድሮይድ፣ ዳታ ሳይንስ፣ አርቲፊሻል ኢንተለጀንስ። መማሩን አልነቅፍም። ነገር ግን ሁሉም ሌላ ሰው በሠራው ቺፕ ላይ የሚጻፍ ኮድ ነው። ከአምስት ሚሊዮኑ ጥቂት መቶዎቹ እንኳ ኮድ ወደ ሰርኪዩት የሚለወጥበትን ሙያ ለምን አይማሩም?

ሙያው ሃይ ሌቭል ሲንተሲስ ይባላል። በሲ ወይም በሲ ፕላስ ፕላስ የተጻፈን ፕሮግራም ሶፍትዌር ወደ ሰርኪዩት ንድፍ ይለውጠዋል። ኮዱን እንዳለ ከሰጡት ግን የሚወጣው ሰርኪዩት ዘገምተኛ ነው። ጥበቡ ኮዱን ለሰርኪዩት እንዲመች አድርጎ ማረም ነው።

የጎጃም ገበሬ ነገሩን ያውቀዋል። ማሳው በሙሉ ታጭዶ እስኪያልቅ ነዶ ማሰር፣ ታስሮ እስኪያልቅ መከመር የማይጀምር ሰው ሰብሉን ዝናብ ይቀድመዋል። አንዱ ሲያጭድ ሌላው ያስራል፣ ሦስተኛው ይከምራል፤ ይህ ፓይፕላይን ነው። ደቦ ጠርቶ ማሳውን ለአሥር አጫጅ ማካፈል ደግሞ ሉፕ አንሮሊንግ ነው። ደቦም ወጪ አለው፤ አጫጅ በተጨመረ ቁጥር ድግሱ ይበዛል፤ ቺፕ ውስጥም እያንዳንዱ ቅጂ ቦታ ይበላል። አሥር ሰው እህል ተሸክሞ የጎተራው በር አንድ ከሆነ ደግሞ ዘጠኙ ቆመው ይጠብቃሉ። አንድ ሚሞሪ በአንድ ጊዜ የሚያስተናግደው አንድ ወይም ሁለት ጥያቄ ስለሆነ፣ ዳታውን በብዙ ትንንሽ ሚሞሪዎች መከፋፈል ያስፈልጋል። ከ100 ለማይበልጥ ቁጥር 7 ቢት ይበቃል፤ በልማድ 32 የሚሰጥ ሰው 25 ሽቦ በከንቱ ይዘረጋል።

«አገር በጦርነት ላይ ሆና ስለ ቺፕ ታወራለህ?» የሚለኝ አይጠፋም። በቢሊዮን ዶላር የሚቆም የቺፕ ፋብሪካ አልጠየቅሁም። ለንድፍ ላፕቶፕ ይበቃል። የሚላኖ ፖሊ ቴክኒክ ያዘጋጀው ባምቡ የተባለው መሣሪያ በነፃ ይገኛል፤ ውጤቱንም ቦርድ ሳይገዙ በኮምፒውተር መፈተሽ ይቻላል። በአማራ ክልል ከሐምሌ 2015 መጨረሻ ጀምሮ የሞባይል ኢንተርኔት ለወራት ተዘግቶ እንደነበር አንርሳ። ኦንላይን ኮርስ ያን ቀን ይቆማል። ይህ መሣሪያ ግን አንዴ ከተጫነ ኔትወርክ አይጠይቅም። እንዲያውም ለደብረ ማርቆስ ልጅ ከሌላው ሁሉ የሚሻለው ይህ ነው።

ስለዚህ ጥያቄዬ አጭር ነው። ከዳታ ማይኒንግ ከሚገባው ዶላር ጥቂቱ ደብረ ማርቆስንና ባሕር ዳርን ጨምሮ ለዩኒቨርሲቲዎች የኤፍፒጂኤ ቦርድ መግዣ ይዋል። የመመረቂያ ፕሮጀክትም በዚህ ይሠራ። በሚቀጥለው መግለጫችሁ ስንት ሰው ሰርተፍኬት እንደወሰደ ስትነግሩን፣ ስንት ተማሪ ሰርኪዩት እንደነደፈም አብራችሁ ንገሩን።