«እንጸልይበት» ያልሁበት የዋስትና ቅጽ

ባለፈው ሰሞን ልጆቼ «አባዬ፣ ይህን ፊልም ከእኛ ጋር እይ» ብለው አስቀመጡኝ። ፊልም አዘውትሬ የማይ ሰው አይደለሁም፤ ብዙውን ጊዜም ግማሹ ላይ ሳልደርስ እንቅልፍ ይጥለኛል። ይህኛው ግን አላስተኛኝም፤ ካለቀ በኋላም ሌሊቱን ሲያገላብጠኝ አደረ። «ዘ አንፎርጊቨብል» ይባላል፤ «ይቅር የማትባለዋ» እንደ ማለት ነው። እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ2021 በኔትፍሊክስ የቀረበ፣ ሳንድራ ቡሎክ የተወነችበት ፊልም ነው። መጨረሻውን መናገሬ ስለማይቀር ልታዩት ያሰባችሁ ቀድማችሁ እዩት።

ታሪኩ የሚካሄደው በአሜሪካ፣ በሲያትልና በአካባቢዋ ነው። ሩት ስሌተር የተባለች ሴት ከቤታቸው ሊያስወጣቸው የመጣውን ሸሪፍ ገድላለች ተብላ 20 ዓመት ታስራ በአመክሮ ትፈታለች። ስትታሰር የምታሳድጋት የ5 ዓመት እህት ነበረቻት፤ ሕፃኗ ለሌላ ቤተ ሰብ በጉዲፈቻ ተሰጥታለች። ሩት ከእስር ቤት ለዓመታት የጻፈችላት ደብዳቤ አንዱም አልደረሳትም። አሁን ሩት ዓሣ በሚዘጋጅበት ፋብሪካ ትሠራለች፣ አናጺነትም ስለምታውቅ ቤት ለሌላቸው ሰዎች መጠለያ በሚሠራበት ቦታ መዶሻ ይዛ ትውላለች። ፖሊስ ገዳይ መሆኗን የሰማች የሥራ ባልደረባዋ ትደበድባታለች። የፍርድ ቤቱ ቅጣት አልቋል፤ የሰው ቅጣት ግን ገና መጀመሩ ነው።

ፊልሙን ልብ አንጠልጣይ ያደረገው ደግሞ ሌላ ነው። የሟቹ ሁለት ወንዶች ልጆች መፈታቷን ሰምተው ይከታተሏታል። እኛ አገር ደመኛ የምንለው ነው። ከማረሚያ ቤት ወጥተው ወደ ትውልድ ቀያቸው መመለስ ያልቻሉ ወንድሞች አውቃለሁ፤ ሽማግሌ ገብቶ እርቅ ሳይወርድ መንደሩን መርገጥ ሞት ነውና። ስለዚህ ያ ክፍል የሩቅ አገር ነገር አልመሰለኝም። የልጆቹም ሕመም እውነተኛ ነው፤ አባታቸውን ቀብረዋል። እኛ ሰባኪዎች አንዳንዴ የገደለውን አቅፈን የሟችን ልጆች «ቶሎ ይቅር በሉ» እያልን እናጣድፋለን። ለቅሶአቸውን ያልተቀመጠ ሰው ይቅርታቸውን ለመጠየቅ ምን አፍ አለው?

መጨረሻው ላይ ምስጢሩ ይገለጣል። ሸሪፉን የገደለችው ሩት አልነበረችም፤ ያቺ የ5 ዓመት እህቷ ነበረች። ሩት የሕፃኗን ጥፋት በራሷ ላይ አድርጋ ታሰረች።

ይህን ያየ ሰባኪ ሁሉ እጁ ወደ ማስታወሻ ደብተሩ መሄዱ አይቀርም። የሌላውን በደል ወስዶ ቅጣቱን መቀበል! የእሑዱ ስብከት ተዘጋጅቶ ቀረበ ማለት ነው። እኔም ብዕር አንሥቼ ነበር። ነገር ግን በዚያች ቅጽበት ውስጤ የተሰማኝን ሳስተውል ብዕሩን አስቀመጥሁት። የተሰማኝ እፎይታ ነበር። «ለካ ገዳይ አይደለችም!» አልሁ። ፊልሙ ሁለት ሰዓት ሊሞላ እስኪቃረብ ድረስ «ሰው የገደለችን ሴት ትቀበላለህ ወይ?» እያለ ሲጠይቀኝ፣ እኔም መልሱ ሲጨንቀኝ ቆይቼ፣ በመጨረሻ ጥያቄውን ራሱን አነሣልኝ። ሩትን በፍጹም ያላመነቻት የጠበቃው ሚስት እንኳ ልቧ የሚመለሰው ይህን እውነት ስትሰማ ነው። በእኔ አመለካከት ፊልሙ እዚህ ላይ ፈራ። በእርግጥ ገድላ ብትሆንስ ኖሮ? ያን ጊዜ ከደጃፋችን ትመለስ ነበር ማለት ነው?

ወንጌል ግን በዚህ መንገድ አላመለጠም። ሳውል በስሕተት የተከሰሰ ንጹሕ ሰው አልነበረም። በእስጢፋኖስ መገደል ተስማምቷል፣ የወጋሪዎቹም ልብስ በእግሩ ሥር ተቀምጧል። ከደማስቆ ወደ ኢየሩሳሌም ሲመጣ ደቀ መዛሙርቱ ፈሩት፤ ደቀ መዝሙር መሆኑን አላመኑም። እውነቱን ለመናገር እኔ አልፈርድባቸውም፤ እነዚህ ሰዎች ወንድማቸውን የቀበሩ ናቸው። የሐዋርያት ሥራ 9፥27ን ስናነብ ግን በርናባስ ይዞት ወደ ሐዋርያት አገባው፤ ስለ እርሱም ተናገረለት። በርናባስ «ሳውል ምንም አላጠፋም» አላለም። በእኛ አነጋገር ዋስ ሆነው። ያው ሳውል፣ ጳውሎስ ተብሎ፣ በኋላ ስለ አናሲሞስ ለፊልሞና ሲጽፍ የሰውየው ዕዳ በእርሱ ሒሳብ እንዲቆጠርና እርሱ እንደሚከፍል በገዛ እጁ አረጋገጠ። ዋስ የተሆነለት ሰው ዋስ መሆንን ተምሯል። የዕብራውያን ጸሐፊ ደግሞ ለጌታ ለኢየሱስ ራሱ ይህንኑ የገበያና የፍርድ ቤት ቃል ይጠቀማል፤ 7፥22ን ተመልከቱ።

እንግዲህ ሌሊቱን ያገላበጠኝን ልናገር።

ከዓመታት በፊት በእስር ቤት አገልግሎታችን ጌታን ያገኘ አንድ ወንድም ነበር። ሰው ገድሎ ነበር፤ እንደ ሩት ዓይነት ምስጢር የለውም፣ ራሱ ገድሏል። ቅጣቱን ጨርሶ ሲወጣ እሑድ መድረክ ላይ አቆምነው፣ መሰከረ፤ እልልታው ጣራውን ሊያነሣው ደረሰ። እኔም አቅፌው አለቀስሁ። ማክሰኞ ዕለት ወደ ቢሮዬ መጣ። የእንጨት ሥራ በማረሚያ ቤት ተምሮ ስለነበር አንድ የቤት ዕቃ የሚያመርት ድርጅት ሊቀጥረው ፈቅዷል። የቀረው የዋስትና ቅጽ ነው፤ የመታወቂያ ኮፒ፣ የደመወዝ ማስረጃ፣ ፊርማ። ቅጹን ጠረጴዛዬ ላይ በሁለት እጁ አስቀመጠው።

እኔም «ወንድሜ፣ እንጸልይበት» አልሁት።

በእኛ ቤት ያደገ ሰው ይህ ቃል ምን ማለት እንደሆነ ያውቃል። እርሱ እኛ ቤት አላደገም፤ ግን ወዲያው ገባው። ፈገግ ብሎ ወረቀቱን አጠፈና «እሺ ፓስተር፣ ይጸልዩልኝ» ብሎኝ ወጣ። ደግሞ አላነሣብኝም። እሑድ እሑድ መምጣቱንም አላቆመም፤ ይህም ይበልጥ ያሳፍረኛል። ያን ጊዜ መሸሸጊያ ጥቅስ አላጣሁም ነበር፤ ምሳሌ 11፥15 ለማያውቁት ሰው መዋስ መከራ እንደሚያመጣ ያስተምራል። የኮሌጅ ትምህርት ለእንዲህ ዓይነቱ ነገር ይጠቅማል! ነገር ግን ይህ ሰው ለእኔ የማላውቀው ሰው ነበር? የጌታን እራት በገዛ እጄ ያቀበልሁት እኮ ነው። ዕቃ ቢጠፋ እኔ እንደምከፍል አስቤ ፈራሁ፤ ነገሩ ከዚህ አያልፍም።

ኋላ እንደሰማሁት፣ ከቤተ ክርስቲያናችን አንዲት የጉልት ነጋዴ እናት ልጃቸውን ይዘው ሄደው አስፈረሙለት። እርሳቸው ደመወዝ ስለሌላቸው የልጃቸውን ማስረጃ ነው ያቀረቡት። ስለዚህ ጉዳይ መድረክ ላይ መስክረው አያውቁም።

ፊልሙን ባየሁ ማግስት ደወልሁለት። ዛሬ የራሱ ትንሽ ወርክሾፕ አለው፤ አግብቶ ወልዷል። ስለዚያ ማክሰኞ ይቅርታ ጠየቅሁት። ለትንሽ ጊዜ ዝም አለ። «ፓስተር፣ እኔስ ካለፈልኝ ቆየ» አለኝ። «ግን ባለፈው ወር የተፈታ አንድ ልጅ አለ፤ በስርቆት ነው የታሰረው። የጥበቃ ሥራ አግኝቶ ዋስ አምጣ ተብሏል። እኔ ለሁለት ሰው ስለፈረምሁ ሦስተኛ አይቀበሉኝም።» ልጁ በእርግጥ ሰርቆ እንደሆነ ልጠይቀው አፌ ላይ ደርሶ ነበር፤ መለስሁት።

ነገ በ3 ሰዓት ቀጠሮ ይዘናል። የመታወቂያዬን ኮፒና የደመወዝ ማስረጃዬን ቦርሳዬ ውስጥ አስገብቻለሁ። ባለቤቴ «ዕቃ ቢጠፋስ?» ብላ ጠየቀችኝ። «እንከፍላለና» አልኋት፤ ድምፄ ግን ብዙም የጠነከረ አልነበረም።